የኋላ ሞተር፣ እዚህና እዚያ

እዚህ እንግሊዝ አገር የጎረቤቴ ሚኒ የኋላ ወንበር የላትም። ወለሏ ተቆርጦ ወንበሩ በነበረበት ቦታ የሆንዳ ሞተር ገብቷል። ራዲያተሩ ከፊት ስለቀረ ውሃው በወለሉ ሥር በተዘረጋ ረጅም ቱቦ ይመላለሳል። ሥራው ሦስት ዓመት ፈጅቷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ሲበይድ ላሜራውን የምይዝለት እኔ ነኝ። "ምን ሆና ነው ይህን ሁሉ የምትለፋው?" ስለው "ምንም አልሆነችም፤ እንዲህ ሆና ልነዳት ፈልጌ ነው" አለኝ።

ቡራዩ ሳድግ አጎቴ ቮልስ ነበረችው። የእሷን ሞተር ከኋላ ያስቀመጠው ፋብሪካው ነው። ክብደቱ በሚገፋው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ፣ የሱሉልታ ጭቃ ላይ ሌላው መኪና ባለበት ሲሽከረከር እሷ ቀስ ብላ ትወጣለች። ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቢሆንም በእንጦጦ ዳገት የሚፈላ ውሃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ንፋስ ነው። አጎቴ የሚፈራው የቺንጋ መበጠስን ብቻ ነበር። ቺንጋው ከተበጠሰ ማራገቢያው ይቆማል። ቀይዋ መብራት ቦግ ስትል ዳር ይዞ ያጠፋና፣ የፊት ኮፈኑን ከፍቶ ትርፍ ቺንጋ ያወጣል።

ሞተር የሚወርደው ሰበታ ነበር። መካኒኩን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። የቤንዚኑን ቱቦና የነዳጅ መስጫውን ገመድ ይፈታሉ፤ ክሪክ ያስገባሉ፤ ከሥር አሮጌ ጎማ ያነጥፋሉ። ከዚያ ሁለት ሰው እያወዛወዘ ወደ ኋላ ይስበዋል። ጎማው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጋሼ ቴስታታውን በቤንዚን አጥበው በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል፤ ስንጥቅ የሚፈልጉት በጣታቸው ነው።

ወደ ሚኒ ስመለስ፣ እሷ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ አሌክ ኢሲጎኒስ ሞተሯን ከፊት አጋድመው ለሰው ሰፊ ቦታ አተረፉ። በዚያው ዓመት ጃክ ብራባም ሞተሩ ከጀርባው በሆነ የኩፐር መኪና የፎርሙላ አንድ ሻምፒዮን ሆነ። የዚያ መኪና ሠሪ ጆን ኩፐር በ1963 ከፊትም ከኋላም ሞተር ያላት ሚኒ ሠርተው ሲነዱ ክፉ አደጋ ደርሶባቸው ለጥቂት ተርፈዋል። ለጎረቤቴ ላሜራውን ስይዝ ይህ ከሐሳቤ አይጠፋም።

ለነገሩ መሐል ላይ የተቀመጠ ሞተር ለእኛ ብርቅ አይደለም። ሃይሩፍ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጦ ከሥሩ ያልተጠበሰ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ሞተሩ ከፊት ጎማው ኋላ፣ ከወንበሩ ሥር ነው። ባጃጁም ከኋላ ነው የሚገፋው።

በጎረቤቴ የምቀናው በሌላ ነገር ነው። እዚህ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ፣ የመኪናው አካል ሳይቆረጥ ከቆየ 5 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ የቀድሞ ታርጋውን ለማቆየት በድምሩ 8 ያስፈልግ ነበር። ከቆረጥከው መርማሪ ፍሬኑንና መቀመጫውን አንድ በአንድ አይቶ፣ ካለፈ በልዩ ታርጋ መንገድ ይወጣ ነበር። በጓሮ የተሠራ ሥራ የሚዳኝበት በር አለው። አገር ቤት ግን የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ የሰፈረ ነው፤ ጋሼም ይህን ስለሚያውቁ ብሎኩን እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠብቀው ሌላውን ሁሉ ይቀይራሉ። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ሥራውን የሚያስመረምርበት መንገድ ሊበጅለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በተለይ አሁን። ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ተከልክሏል። አራት ብሎን ሲፈታ ባዶ የሚሆነው የቮልስ ጀርባ ለኤሌክትሪክ ሞተር የተዘጋጀ ይመስላል፤ በሌላው ዓለም ብዙዎች ካምቢዮውን ሳይነኩ እንዲህ ለውጠዋታል። ባለፈው ሳምንት ለጋሼ ደውዬ ይህንኑ አጫወትኳቸው። ስለ ባትሪውም ስለ ዋጋውም ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትንሽ ዝም አሉና፣

"እሱስ ይገጠማል ልጄ" አሉኝ። "ሊብሬው ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?"