ሁለት ቀን በአንኮበር

ቅዳሜ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዘን፣ ቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ከነበረችው ከአንኮበር ደረስን። የጉዟችን ዓላማ በዚያ ጎልማሶችን ፊደል የሚያስቆጥሩትን የበጎ ፈቃድ ባልደረቦቻችንን መጠየቅ ነበር።

ከተማዋ በተራራው ትከሻ ላይ ተቀምጣ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል ታያለች፤ ጉም ሲወርድ ግን ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም። ባልደረቦቻችን በገብስ ቆሎና በጠላ ተቀበሉን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎቻቸው መካከል ተቀመጥን።

ልጃቸው ወታደር የሆነ አንዲት እናት እንዲህ አሉን፦ «የልጄን መልእክት የሚያነብልኝ የጎረቤት ልጅ ነበር። ደስታዬንም ሐዘኔንም ከእኔ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር። አሁን ግን ስልኬን ይዤ ጓዳዬ እገባና ራሴ አነበዋለሁ።»

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሕዝቡን አስተምሯል። ዘመቻው ካበቃ ብዙ ዘመን ቢቆጠርም ሥራው ገና አላለቀም።

ስለዚህ ውድ የሠራዊቱ አባላትና ባለቤቶቻቸው፣ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ መልእክቱን አንብባችሁለት ብቻ አትለፉ፤ ፊደሉን አስቆጥሩት። የቤቱ ምሥጢር ያን ጊዜ የራሱ ይሆናል።