የአምባሰል ቤት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጫጫን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ከምሠራበት ባንክ ደጃፍ ቆሜ ወደ ሰሜን ስመለከት የማየው የጭነት መኪና፣ የገብስ ማሳና ብርድ ነው። (ብርድ ይታያል ወይ የሚለኝ ሰው በኅዳር ማለዳ ጫጫን ይጎብኝ።) ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት በዚሁ መንገድ ከሚደረስበት ከወሎ ምድር ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን። ስለዚህም የእናቴ ዜማ አምባሰል መሆኑን ስረዳ እምብዛም አልደነቀኝም። በዚህ አቅጣጫ የሚመላለስ መንገደኛ ጨውና በርበሬ ብቻ ይዞ አይመጣምና።

እናቴ የበግ ጠጉር ስትፈትል የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረቻት። ግጥሙ እንደ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ዜማው ግን ሁልጊዜ ያው ነው፤ እንዝርቱ ሲሾር ይጀምራል፣ ክሩ ሲጠቀለል ያርፋል። ማንም ቀርጾ አላስቀረውም። እናቴ ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል። ዛሬ ያ ዜማ የሚኖረው በሁለት ሰዎች ጉሮሮ ብቻ ነው፤ በእኔና በአክስቴ። አክስቴ ደግሞ ሰባን አልፈዋል።

በዚህ ዜማ ልክ አንድ ግጥም ጻፍሁ። የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ እረፍት፣ ስድስት ቀለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ በየሠርጉ ኪቦርድ ለሚጫወት አንድ ወዳጄ ወስጄ ዘመርሁለት። እሱም በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ «ዜማው ጥሩ ነው፤ ግን ቀጭን ነው። ኮርድ እናልብሰው» አለኝ። አለበሰውም። ግራ እጁ ሲንቀሳቀስ ክፍሉ ሞላ፤ በእውነቱ ያምር ነበር። በስልኬ ቀርጬ ጫጫ ተመለስሁና ለአክስቴ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ደስ ይላል ልጄ። የማን ዘፈን ነው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ለሳምንታት አላስተኛኝም። ምክንያቱም ወዳጄ ከዜማው አንዲት ድምፅ እንኳ አልቀነሰም፤ አንዲትም አልጨመረም። ታዲያ አክስቴ የገዛ እኅታቸውን ዜማ እንዴት ሳያውቁት ቀሩ? የእኔ ሙያ መቁጠር ነው። ማታ ማታ የዕለቱ ገቢና ወጪ ካልታረቀ ወደ ቤት የማይሄድ ሰው፣ ያልታረቀ ነገር ሲያገኝ አንድ በአንድ ይቆጥራል። እኔም ድምፆችን መቁጠር ጀመርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮርድ ማለት ቢያንስ ሦስት ድምፆች በአንድነት ሲመቱ ነው። ከመነሻው ድምፅ አራት ግማሽ ድምፅ፣ ከዚያም ሦስት ግማሽ ድምፅ ከወጣን ሜጀር ይሆናል፤ በመጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አራት ከወጣን ማይነር። የፈረንጁ ስኬል ሰባት ድምፅ ስላለው በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ኮርድ ይቆማል። የእኛ ቅኝት ግን አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ መሰላሉ ሰፋፊ ክፍተት አለው። በዚህ መሰላል ላይ ስንት ኮርድ ይቆማል?

መነሻውን ዶ ላይ አድርገን በፒያኖ ቁልፍ እንቁጠር። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሁለት ኮርድ ይሰጠናል፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። ባቲ ሜጀር (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) እንዲሁ ሁለት ይሰጣል፤ ዶ ሜጀርና ሚ ማይነር። በሁለቱም ቅኝት መነሻው ድምፅ በራሱ ላይ የቆመ ኮርድ አለው። ባለቤቱ በቤቱ ነው።

አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ከሬ ፍላት ተነሥቶ በአንድ ዝላይ ፋ ላይ ያርፋል፤ ሚ የለም፣ ሚ ፍላትም የለም። ስለዚህ ዶ ላይ ሜጀርም ማይነርም ማቆም አይቻልም። የሚገኙት ሁለት ኮርዶች ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር ናቸው፤ ሁለቱም መሠረታቸው ሌላ ቦታ ነው። ወዳጄ የተጫወተውም እነዚህኑ ነበር። ዜማው ዶ ላይ ሲያርፍ እሱ ከሥሩ ፋን ይመታል። ፋ መነሻ ከሆነ ደግሞ እነዚያው አምስት ድምፆች ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ተብለው ይቆጠራሉ፤ ይህም ከላይ እስከ ታች ትዝታ ማይነር ነው!

እንግዲህ አንዲት ድምፅ ሳትነካ የእናቴ አምባሰል ትዝታ ሆነ። እናቴ ክሯን ጠቅልላ የምታርፍበት ድምፅ፣ በወዳጄ ኪቦርድ ላይ በሰው ቤት ደጅ የቆመ እንግዳ ሆነ። ግጥም ቤት ይመታል እንላለን፤ ዜማም የሚመታው ቤት አለው። አክስቴ ኮርድ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ቤቱ መቀየሩን ግን ሰሙ።

ይህን ካየሁ በኋላ «ቀጭን» በሚለው ቃል ላይ ቂም ያዝሁ። ዜማን የሚያወሳስበው ከሥሩ የሚደረደር ድምፅ ብቻ ነውን? የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲዜም ከሥሩ የሚደግፈው አንድም ኮርድ የለም። ነገር ግን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ሲያበጁለት ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክና ደረት ማለት አስፈልጓቸዋል። አንዲት ቃል በርክርክ ስትወርድ የሰማ ሰው ስለ ቅጥነት አያወራም። በሌላ በኩል «የእኛ አገር ሙዚቃ ብዙ ድምፅ በአንድነት አያውቅም» የሚለውን የተለመደ አባባልም አልቀበልም። የጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ሲዘፍኑ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዞ፣ መስመሮቹ እንደ ሸማኔ ድርና ማግ ይጠላለፋሉ። ይህን ከማንም ኮንሰርቫቶሪ አልተማሩትም።

የፈረንጁን ትምህርት ተምረው ቅኝቱን ይዘው የተመለሱም አሉን። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን ተምረው፣ ባለ አምስት ድምፁን ዜማ ከባለ ዐሥራ ሁለት ድምፁ የጃዝ አሠራር ጋር አጋቡት። ሥራቸውን ደጋግሜ ስሰማ የሚገርመኝ የኮርዱ ብዛት አይደለም፤ ዜማው ከላይ ሆኖ ማንነቱን አለመልቀቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው ነበር። በፒያኖአቸው ግን ቀኝ እጃቸው እንደ ዜመኛ ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል፤ ግራ እጃቸው ለዚያ ጉሮሮ ቦታ ይለቃል። ወዳጄ ዘንድ የጎደለው ይህ ቦታ መልቀቅ ይመስለኛል። በሠርግ ቤት ዝምታ ያስፈራል፤ አልፈርድበትም።

ደግሜ ሄድሁ፤ የቆጠርሁትንም ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ቆጠረ፤ ከዚያ ዝም አለ። ግራ እጁን ዶና ሶል ላይ ብቻ እንዲያሳርፍ ለመንሁት። ሁለት ድምፅ ኮርድ አይባልም፤ ሜጀርም ማይነርም አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ የት እንደሆነ ይናገራል፤ እንደ በገና ወፍራም አውታር ከሥር ይነዝራል። ፋ ማይነርን ግን አልጣልነውም። ይልቁንም ሦስተኛው አንጓ ላይ ብቻ አስገባነው። በዚያ አንጓ «ክሯ አለቀ» የሚል ሐረግ አለኝ፤ ሰሙ የእንዝርቱ ክር ነው፤ ወርቁን አንባቢ ያውቀዋል። ዜማው እስከዚያ ድረስ በአምባሰል ሄዶ እዚያ ሐረግ ላይ ከሥሩ ፋ ሲመታ፣ ከላይ ያለው ድምፅ ሳይለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። ሰምና ወርቅ በዜማም ይሠራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ አምስቱ ድምፆች ናቸው የነገሩኝ። በአራተኛው አንጓ ወደ ዶ እንመለሳለን።

አንቺ ሆዬን ሳልቆጥር አላለፍሁም። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። እንግዳው ቅኝት ለጋሱ ሆኖ ተገኘ፦ ፋ ሜጀር፣ ከእሱ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ያለ ሶል ፍላት ማይነር፣ በተጨማሪም ፈረንጆች ዲሚኒሽድና ኦግመንትድ የሚሏቸው ሁለት ያልተረጋጉ ኮርዶች፤ በድምሩ አራት። ዶ ላይ ግን እዚህም አንድ አይቆምም። በዚህ ቅኝት ግጥም የምጽፍበትን ቀን እፈራለሁ፣ እናፍቃለሁም።

አሁን ዜማውን በኖታ እያሰፈርሁ ነው፤ ማታ ማታ፣ ሒሳቡ ከታረቀ በኋላ። አንድ ቦታ ግን ቆሜያለሁ። ከሁለተኛው ስንኝ እረፍት በፊት ያለችውን ድምፅ እኔ ላ ፍላት እላታለሁ። አክስቴ ግን በላ ፍላትና በላ መካከል ነው የሚያዜሟት፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኋቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ላይ አረፉ። ክራር ቢሆን ሰውየው አውታሩን ጥቂት ወጠር አድርጎ በጆሮው ያገኛት ነበር። በኪቦርዱ ላይ በሁለቱ ቁልፎች መካከል የሚገባ ጣት የለም። ላ ፍላት ብዬ ጽፌ ከላይዋ ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት ሠራሁባት፤ የአክስቴንም ድምፅ በስልክ ቀርጬ ሁለት ቦታ አስቀመጥሁት።