የወር መጨረሻ ጎመን

ከፋ የምትታወቀው በቡናዋና ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በመዘገበው ደኗ ነው። አንቺ ግን እህቴ፣ ቦንጋ ብትዘልቂ የገበሬውንም ጓሮ ተመልከቺ። ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ አጠገቡ ጎደሬና ጎመን ይታያል። ማዳበሪያው ፍግ፣ አመድና የማጀት ጥራጊ ነው። እንሰት ለዓመታት ቆሞ ስለሚጠብቅ በክፉ ቀን ይደርሳል።

ለደመወዝተኛ እናት ክፉው ቀን የወር መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ የልጆች ወጥ ይሳሳል። እንግዲህ አሮጌ ጀሪካን አፉን ቆርጠሽ ሥሩን ብሺ። የድንችና የጎመን ልጣጭ ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር እያነባበርሽ አርጥቢ፤ ሥጋና ቅባት አይጥ ስለሚጠራ አይግባበት። ከወራት በኋላ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት፣ ከአፈር ቀላቅለሽ ጎመን ትከዪበት። የታችኛውን ቅጠል ብቻ ብትቀነጥሺ ጫፉ ማደጉን ይቀጥላል። ያኔ ኪስ ቢጎድል ጎመን አይጎድልም።