ሳህኑ ከምን ተሠራ? የጾሬ ማስታወሻ

ጥር 6፣ 2017

ከአሶሳ የተጫነው ዕቃ ከሰዓት በኋላ ጾሬ ያለው ሱቄ ደረሰ። አንደኛው ካርቶን ላይ በትልቁ «ፖርስሊን» ተብሎ ታትሟል፤ ስከፍተው ሳህኖቹ ሜላሚን ናቸው። አበባቸው ያምራል፣ ጠርዛቸው የወርቅ ቀለም ተቀብቷል፣ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰው ከሸክላ አይለዩም። በጣት ጥፍር ሲነኳቸው ግን ድምፃቸው ድፍን ነው። ፖርስሊን ቢሆኑ ያቃጭሉ ነበር። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው «ሳህን» ብቻ ነው፤ ከምን እንደተሠራ አይናገርም። በጅምላ ወደሸጠልኝ ነጋዴ ደወልኩ። «እኔም ታሽጎ ነው የተረከብኩት፣ ከፍቼ አላየሁም» አለ። የያዘብኝ ዋጋ ግን የፖርስሊን ነው።

ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ ከገንዘቡ የሚብሰው ሰው የሚበላበት መሆኑ ነው። እዚህ ሳህን የሚገዛኝ ሰው ከእሳት የወረደ ገንፎ ያወጣበታል። የጀርመን የምግብ ደኅንነት ሥጋት ገምጋሚ ተቋም የሜላሚን ዕቃ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሞቀ ምግብና መጠጥ እንዳይውል ይመክራል፤ ሙቀቱ ሲያይል ፎርማልዴሃይድና ሜላሚን ወደ ምግቡ ይወጣል። ገዢው ፖርስሊን መስሎት ከወሰደው የፈላውን ሁሉ ያደርግበታል። ካርቶኑን መደርደሪያ ላይ ሳላወጣ ለብቻው አስቀመጥኩት።

ጥር 8

ማታ ኔትወርኩ ሲመለስ አዲስ አበባ ላለው የወንድሜ ልጅ ደወልኩ። ትራንዚተር ቢሮ ውስጥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያዘጋጃል።

«አጎቴ፣ ጉምሩክ ሳህን ብቻ የሚባል ዕቃ አያውቅም» አለኝ። «የሚያውቀው የሸክላ ሳህን፣ የፕላስቲክ ሳህን፣ የብረት ሳህን ነው። ኮዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

ቁጥሮቹን እያነበበልኝ ጻፍኩ። ከፖርስሊን የተሠራ የገበታና የማዕድ ቤት ዕቃ 6911። ፖርስሊን ያልሆነ ሌላ ሸክላ 6912። ፕላስቲክ 3924፤ ሜላሚንም ፕላስቲክ ስለሆነ የሚገባው እዚሁ ነው። ብርጭቆና የመስታወት ሳህን 7013። ኢናሜል የተቀባው ሳህንና አይዝጌው ብረት 7323። የአሉሚኒየም ድስት 7615። የእንጨት ማንኪያና ገበቴ 4419። አንድ ቤተሰብ ምሳ ሲቀርብ ፊቱ የሚደረደረው ዕቃ በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ይበታተናል።

ይህ አቆጣጠር የኛ ብቻ አይደለም። ብራስልስ ያለው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያስተዳድረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በየትም አገር አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን አገሮች ለራሳቸው ይጨምራሉ። ቀረጡን ግን እያንዳንዱ አገር ራሱ ይወስናል። ስለዚህ ቻይና ላይ 6911 የተባለ ሲኒ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስም 6911 ነው፤ የሚከፈልበት ገንዘብ ነው የሚለየው።

ፖርስሊኑ ከተራው ሸክላ በምን እንደሚለይ ጠየቅኩት። መልሱን ወደድኩት፣ ምክንያቱም በእጅ የሚፈተን ነገር ነው። ፖርስሊን በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ እንደ መስታወት የተዋሐደ፣ ጠንካራ፣ ውኃ የማይመጥጥ፣ ሳሳ ሲል ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲመታ የሚያቃጭል ነው። ተራው ሸክላ ላዩ ቢያብረቀርቅም ስብራቱ ውኃ ይመጥጣል፤ ስብራቱን ምላስ ላይ ቢያስነኩት ይጣበቃል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ተሰብሮ የቆየ ኩባያ አንሥቼ ሞከርኩት። ተጣበቀ። ከወሰድኩት ጊዜ ጀምሮ ፖርስሊን ሲባል የኖረ ኩባያ ነበር።

ጥር 16

ሂሳቡን በደንብ እንዲያስረዳኝ ጠይቄው በስልክ ላከልኝ። እንዳይጠፋብኝ እዚህ እገለብጠዋለሁ።

የአገራችን የጉምሩክ ቀረጥ ከ0 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። የዕቃው ዋጋ፣ መድኑና ማጓጓዣው ተደምሮ 100,000 ብር ሆነ እንበል፤ የተመደበበት ኮድ ደግሞ 35 በመቶ የሚከፈልበት ይሁን። ቀረጡ 35,000 ነው። ቫቱ 15 በመቶ ነው፤ የሚሰላው ግን ከ100,000 ሳይሆን ቀረጡ ከተጨመረበት 135,000 ስለሆነ 20,250 ይመጣል። በደንብ ቁጥር 133/1999 የተጣለው ሱር ታክስ 10 በመቶ ነው፤ እሱ ደግሞ ቫቱንም ጨምሮ ከ155,250 ይሰላል፤ 15,525። ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውለው 3 በመቶ ቀረጥና 3 በመቶው የቅድሚያ ገቢ ግብር፣ ዊዝሆልዲንግ የምንለው፣ ሁለቱም ከመነሻው ዋጋ ላይ ነው የሚታሰቡት፤ 3,000 እና 3,000። ድምሩ 76,775 ብር።

ያው ዕቃ 20 በመቶ የሚከፈልበት ኮድ ውስጥ ቢገባ ድምሩ 57,800 ነው። በቀረጡ ላይ ያለው ልዩነት 15,000 ሆኖ ሳለ መጨረሻ ላይ 18,975 ሆኖ ይመጣል፤ ታክስ በታክስ ላይ ስለሚሰላ። አንድ አኃዝ ተሳስቶ መጻፍ ምን እንደሚያስከትል አሁን ገባኝ። አውቆ የሚያዛባውም ለምን እንደሚያዛባ ገባኝ።

ዊዝሆልዲንጉን አስመጪው በኋላ ከገቢ ግብሩ ላይ ያቀናንሰዋል። ሌላው ሁሉ እየተንከባለለ ወደ ታች ይወርዳል። አስመጪው ጅምላ ሻጩ ላይ፣ ጅምላ ሻጩ እኔ ላይ፣ እኔ ገዢው ላይ። ከገዢው በታች ደግሞ ማንም የለም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22፣ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በግማሽ ዓመት ከ120 ብር አልፏል። ቀረጡ የሚሰላው በብር ስለሆነ የመቶኛው ተመን ንቅንቅ ሳይል የሚከፈለው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደንበኞቼ «ለምን ተወደደ?» ሲሉኝ ይህን ሁሉ በምን ቃል እንደምነግራቸው እንጃ። ግን ልነግራቸው ይገባል፤ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ጥር 23

ኻላ ጀበና ይዘውልኝ መጡ። ሰፈራችን ውስጥ ሸክላ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሥራቸውን ከሱቄ ደጃፍ አስቀምጬ እሸጥላቸዋለሁ። አባቴ በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ሲመጣ ቤተሰቡ ይዞት የወጣ ዕቃ አልነበረም፤ እናቴ እዚህ መጀመሪያ ቡና ያፈላችው የዚህ አገር ሴቶች በሠሩት ጀበና ነው። ኻላን ሳይ ሁልጊዜ ያን ጀበና አስባለሁ።

የወንድሜን ልጅ «ጀበና ከውጭ ቢመጣ ስንት ቁጥር ነው?» ብዬው ነበር። «6912» አለ፣ ሳያመነታ። ፖርስሊን ያልሆነ የሸክላ የማዕድ ቤት ዕቃ። የኻላ ጀበና እና እኔ ፖርስሊን እያልኩ ስሸጠው የኖርኩት ኩባያ ጎረቤት አንቀጽ እንኳ አይደሉም፤ አንድ አንቀጽ ናቸው።

ከፍ ያለ ቀረጥ የአገር ውስጥ አምራችን ይጠብቃል ይባላል። ይህን ነገር ከኻላ አጠገብ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የፕላስቲክ ፋብሪካዎቻችን ጥሬ ዕቃውን፣ ፖሊኢትሊኑን በ3901፣ ፖሊፕሮፒሊኑን በ3902 ያስገባሉ፤ ጥሬ ዕቃ ካለቀለት ዕቃ ያነሰ ቀረጥ ነው ያለበት። ጆግና ሳፋ ያመርቱበታል፤ ያለቀለት የውጭ ጆግ ላይ የተጣለው ቀረጥም ከለላ ይሆናቸዋል። ይህ ለእነሱ በጎ ነው፤ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። በሴራሚክ በኩል ሐዋሳ ላይ ታቦር ሴራሚክ አለ። ኻላን የሚፎካከራቸው ግን ከቻይና የመጣ ጀበና አይደለም። እንስራቸውን ያስቀረው ቢጫው የፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ ድስታቸውን ያስቀረው አሉሚኒየም ነው። አሁን የቀራቸው ጀበናና ምጣድ ነው። እሳቸውን የሚጠብቅ ቀረጥ በየትኛውም የታሪፍ ምዕራፍ ውስጥ የለም፤ ምክንያቱም የወሰደባቸው ዕቃ ከሌላ ምዕራፍ የመጣ ነው፣ ከፊሉም እዚሁ አገር የተሠራ ነው። ፖሊሲ የሚያወጡ ሰዎች ይህን ቢያዩልኝ እወዳለሁ። ለእንዲህ ያሉ ሴቶች የሚበጀው ከቀረጥ ይልቅ አፈር የሚያመጡበትና ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ የሚያገኙበት መንገድ ይመስለኛል። ኻላን ጠየቅኳቸው። «ማገዶ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

የካቲት 4

እዚህ ካለው የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ አንዲት ሱዳናዊት እናት አዲስ የአሉሚኒየም ድስት ይዛ መጣች። «ግዛኝ፣ ለልጆቹ ዘይት ልግዛበት» አለች። ስደተኞች ሲመዘገቡ የሚሰጣቸው የማዕድ ቤት ዕቃ ነው፤ ድስት፣ ሳህን፣ ኩባያ፣ ማንኪያ፣ ቢላ አንድ ላይ ታስሮ። ሚያዝያ 7፣ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገባው ሰው ብዙ ነው፤ ሸርቆሌም፣ ባምባሲም፣ ጾሬም ያለው ችግር ይኸው ነው። ድስቱን አልገዛሁም። ለዕርዳታ ተብሎ ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ ነው፣ ሱቄ ውስጥ ሊገኝ አይገባም። ዘይቱን በዱቤ ሰጠኋት፣ ድስቷንም ይዛ ተመለሰች።

ያ የታሰረው ዕቃ ግን ሌላ ጥያቄ አስነሣብኝ። ግማሹ አሉሚኒየም፣ ግማሹ ብረት፤ በስንት ቁጥር ይገባል? ለችርቻሮ አንድ ላይ የተሰናዳ ስብስብ ከሆነ ዋናውን ባሕርይ በሚሰጠው ዕቃ ይመደባል ይላል ደንቡ። ዋናው የትኛው እንደሆነ መለየት ካልተቻለ፣ ከተወዳዳሪዎቹ ቁጥሮች በተርታ ኋላ ያለው ይወስዳል።

ከወንድሜ ልጅ ጋር በዚህ ላይ ረጅም ሰዓት ተከራከርን። ረከቦት ከነሲኒዎቹ በአንድ ካርቶን ቢመጣስ? እኔ ረከቦቱ ነው ዋናው አልኩ፤ ትልቁም፣ ውዱም እሱ ነው። የወንድሜ ልጅ «ሰው የሚገዛው ቡና ሊጠጣበት ነው፤ ቡና የሚጠጣው በሲኒው ነው» አለ። ባንስማማም በተርታው ደንብ ብንሄድ የእንጨቱ ምዕራፍ 44 ነው፣ ረከቦቱ ፕላስቲክ ቢሆን 39፣ ሲኒው 69፤ ኋላ ያለው ሲኒው ነው። ረታኝ።

የካቲት 12

ከኩርሙክ የተመለሰ ጎረቤቴ ኢናሜል ትሪና የሻይ ብርጭቆ አምጥቶ «ውሰድ፣ ቀረጥ የለበትም፣ የሱዳን ዕቃ ነው» አለኝ። እዚህ አካባቢ እንዲህ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የተረዳሁትን በትክክል ልጻፈው።

ኢትዮጵያም ሱዳንም የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ የሆነው የኮሜሳ አባል ናቸው፤ አገራችን ለአባል አገሮች ምርት ከቀረጡ ላይ የ10 በመቶ ቅናሽ ታደርጋለች። 35 የነበረው 31.5 ይሆናል ማለት ነው፤ ዜሮ አይሆንም። ቅናሹም የሚሰጠው እዚያው አገር ለተመረተና የስሪት አገር የምስክር ወረቀት ለያዘ ዕቃ ነው። በፖርት ሱዳን በኩል ያለፈ የቻይና ትሪ በማለፉ ብቻ ሱዳናዊ አይሆንም። ጎረቤቴ ወንድሜ እንጂ ሌባ አይደለም፤ በድንበር የኖረ ሕዝብ ዘመድ ከዘመድ ሲለዋወጥ ኖሯል። ግን ኬላ ላይ ቢያዝ የሚወረስበት የእሱ ዕቃ ነው፣ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ይህን ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ቅር ብሎት ሄደ።

የካቲት 19

ፖርስሊን፣ ሸክላ፣ ፕላስቲክ የሚለው ክርክር የድሃ አገር ብቻ መስሎኝ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ከቻይና በሚመጣ የሸክላ ገበታ ዕቃ ላይ፣ ከዋጋ በታች ይሸጣል ብሎ፣ ከመደበኛው ቀረጥ በላይ ከ13.1 እስከ 36.1 በመቶ ጭኗል። ከዚያ ውስጥ የሸክላ ቅመም መፍጫ፣ የቡና መፍጫና የቢላ መሳያ እንዲወጡ ተደርጓል። መፍጫ ይሁን ማቅረቢያ የሚለው ጥያቄ ትልቅ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። ጠርዙ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ሁሉ አከራካሪ ነው፤ ሥርዓት ያለው አገር ክርክሩን በጽሑፍ ይፈታዋል።

እኛም ጋ የተመደበበትን ኮድ ያልተቀበለ አስመጪ ቅሬታ ያቀርባል። አስመጪው መከራከሪያ መድረክ አለው። ዕቃው በተሳሳተ ስም ተሸጦለት ሦስት እጅ አልፎ የደረሰው የጾሬ ገበሬ ግን ኮዱን አያየውም፣ ዲክላራሲዮኑንም አያየውም። ለእሱ የሚደርሰው ብቸኛ ሰነድ ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኙ ደግሞ «ሳህን» ይላል።

የካቲት 27

ጅምላ አከፋፋዩ ራሱ ደወለ። ወደ ላይ አጣርቶ ካርቶኑ ሜላሚን መሆኑን አመነ፣ ልዩነቱንም ከቀጣዩ ጭነት ላይ ሊያቀናንስልኝ ተስማማ። እኔ ሌላ ነገር ጠየቅኩት፦ ከእንግዲህ በምትጽፍልኝ ደረሰኝ ላይ ከዕቃው ስም አጠገብ ከምን እንደተሠራ ጻፍልኝ። ሜላሚን፣ ፖርስሊን፣ ሸክላ፣ ኢናሜል፣ አይዝጌ። መጀመሪያ «ማን አንብቦት?» አለ፤ በኋላ እሺ አለ።

ሳህኖቹን ዛሬ አወጣኋቸው። ዋጋቸውን ዝቅ አድርጌ፣ በአማርኛና በዓረብኛ «ፕላስቲክ ነው፤ ለትኩስ ምግብ አይሆንም» የሚል ወረቀት ለጠፍኩባቸው። ዓረብኛውን የጻፈልኝ በጣቢያው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ልጅ ነው። እስከ ማታ ስድስት ተሸጠ፤ ገዢዎቹ ለፍራፍሬና ለዳቦ ነው ያሉት።