የተማሪ ገቢና ወጪ

እኛ ሦስት ነን። ሁለታችን ወንድማማች ነን፤ ሦስተኛዋ የአጎታችን ልጅ ናት። አገራችን ፋርጣ ነው። ትምህርት አንድ ላይ ስለጀመርን ክፍላችንም አንድ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ በቀበሌያችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለዚህ ደብረ ታቦር ሄድን። መንገዱ በእግር አራት ሰዓት ነው። ተመላልሶ መማር አይቻልም። አንድ ክፍል ቤት ተከራየን።

ስንቅ ከቤት ይመጣልን ነበር። እናታችን በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ትቋጥርልናለች። ድንችም በአህያ ይመጣል። ነገር ግን ስንቅ ብቻውን ተማሪን አያኖርም። የቤት ኪራይ አለ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሳሙናና ከሰል አለ። እህል ደግሞ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገበያ እስኪወጣ ድረስ ገንዘብ አይሆንም። ክረምት ባለቀ ሰሞን የገበሬ ኪስ ምን እንደሚመስል እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ሥራ ፈለግን። ታላቃችን ከጣውላ ቁራጭ የሊስትሮ ሣጥን ሠራ። ጧት ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ጫማ ይጠርጋል። ታናሻችን ድንች ጫነ። የፋርጣ ድንች ብዙ ነው፤ በመኪና ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ኩንታሉን ተሸክሞ መኪና ላይ የሚያወጣ ጉልበት ይፈለጋል። እኅታችን ቅዳሜና እሑድ በሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ እንጀራ ትጋግራለች።

አንድ ደብተር ነበረን። በግራው ገጽ ገቢ፣ በቀኙ ገጽ ወጪ እንጽፋለን። እንዲህ ይላል፦

ጫማ — 12 ብር
ጭነት፣ ሌሊት — 30 ብር
ልብስ አጠባ — አልተከፈለም
የቤት ኪራይ — 150 ብር
ሳሙና — 6 ብር

ነገሩ ደህና ይመስል ነበር። ዳሩ ግን መኪናው የሚጫነው ሌሊት ነው። ታናሻችን ሌሊት ሲጭን አድሮ ጧት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በሒሳብ ከመቶ 38 አገኘ። መምህሩ «አባትህን አምጣ» አለው። እኛ ግን ተማከርንና ዝም አልን። አባባ ከሰማ ትምህርቱን አስትቶ ይመልሰዋል ብለን ፈራን። ለቤት «ሁላችንም ደህና ነን» ብለን ላክን።

በየካቲት አባታችን ስንቅ ይዞ መጣ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ደብተሩ በእጁ ነው። አባታችን በልጅነቱ ትምህርት ቤት አልገባም። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እሱ ሚስት ያገባ ጎልማሳ ነበር። ሲያነብ ጣቱን ከፊደሉ ሥር ያስኬዳል።

«ጭ - ነ - ት፣ ሌ - ሊ - ት» አለ። ገጹን ገለጠ። እንደገና «ሌሊት» አለ። ሰባት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ቀና ብሎ ታናሻችንን አየው።

«ልጄ፣ አንተ መቼ ነው የምትተኛው?»

ሁላችንም ዝም አልን። ታናሻችን አለቀሰ። ውጤቱንም ነገረው።

አባታችን አልተቆጣም። «መሥራታችሁ ደግ ነው። ግን እኔ የላክሁህ ለደብተር እንጂ ለኩንታል አይደለም» አለው። ቀጥሎ ጣቱን «አልተከፈለም» ከሚለው ቃል ላይ አሳረፈ። እኅታችን ሴትዮዋ «ነገ፣ ነገ» እያለች ሁለት ወር እንዳለፋት ተናገረች። አባባም ደብተሩን ይዞ ከእሷ ጋር ሄደ። የሠራችባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ አነበበ። ስምንት ቀን ነበር። ሴትዮዋ የስድስቱን ከፈለች፤ ሁለቱን «አላስታውስም» አለች። ከምንም ይሻላል ብለው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ የሌሊት ጭነት ቀረ። ታናሻችን የሚሠራው በገበያ ቀን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ ሆነ። የጎደለውን ለመሙላት አባባ ለፋሲካ ያሰበውን በግ ሸጠ። በዚያ ዓመት ፋሲካን በዶሮ ዋልን። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የታናሻችን የሒሳብ ውጤት 61 ሆነ። አባባ ካርዱን ራሱ አነበበው።

ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ይላል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ይህን ማወቅ ለወላጅም ለተማሪም ይጠቅማል።

ልጃችሁ ከተማ የሚማር ከሆነ ስንቅ ስታደርሱ ደብተሩን ጠይቁት። ስንት ብር እንዳገኘ አንብቡ፤ በስንት ሰዓት እንዳገኘውም አንብቡ። ማንበብ ችላችኋልና።