ጣሳ የተሰቀለበት ደጅ

ጠላ ቤት ታፔላ አያውቅም ነበር። ደጃፉ ላይ አንድ ረዘም ያለ እንጨት ይተከላል፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል፤ በቃ። ጣሳው ካለ ጠላው ደርሷል ማለት ነው። ከወረደ ደግሞ ወይ ጋኑ ተሟጧል፣ ወይ ቤቱ ሐዘን ገብቷል።

ከፒያሳ ኬክ ቤቶችና ሲኒማ ቤቶች ጀርባ፣ በዶሮ ማነቂያና በእሪ በከንቱ ቁልቁለት፣ እንዲህ ያለው ጣሳ ብዙ ነበር። የመሸታ ቤቶቹን ሰፈር፣ ውቤ በረሃንስ፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» አቆይቶልናል። የትንንሾቹ ጠላ ቤቶች ወሬ ግን ያለው በጠጪዎቻቸው አፍ ላይ ነው፤ ጠጪዎቹም እያለቅን ነው።

እኛ የምንዘወትርበት የዶሮ ማነቂያው ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የጭቃ ግድግዳው በአሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ የተለበደ ነበር። ባለቤቲቱን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። አረቄው ከደብረ ብርሃን ወይም ከአርሲ ነጌሌ በጀሪካን ይመጣል፤ እትዬ ግን ሳይፈትኑ አይቀበሉም። ጥቂት ሳህን ላይ ጠብ አድርገው ክብሪት ይጭራሉ። ሰማያዊ ነበልባል ብድግ ካለ «ይግባ» ነው። እሳቱ ካንገራገረ ነጋዴው ጀሪካኑን ተሸክሞ በመጣበት ይመለሳል። ጠላውን ለማንም አያምኑም፤ ጌሾውን ራሳቸው ወቅጠው፣ አሻሮውን ራሳቸው ቆልተው፣ ጋኑን በወይራ አጥነው ይጠነስሱታል።

ደንበኛው ዓይነቱ ብዙ ነው። ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ሁልጊዜ አንዲት የግድግዳ ጋዜጣ ሥር ይቀመጣል፤ ከዓመታት በፊት የወጣውን ዜና ዛሬ እንደተሰማ አድርጎ ይሟገትበታል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፈው ደብተራ ይመልስለታል። ቀለም ቀቢው፣ ደላላው፣ የአትክልት ተራ ተሸካሚው አንድ መደብ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይሰማሉ። ቅዳሜ ማታ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ብቅ ሲል ክርክሩ ይቆምና ሁሉም «ተቀበል!» ባይ ይሆናል።

ጠብ አልነበረም አልልም። በርጩማ ይበር ነበር፤ ጣሳም ግንባር ይፈነክት ነበር። ስለዚህ እትዬ ሕግ ነበራቸው። ዱላ የያዘ ሰው በር ላይ ያስረክባል፤ ዱላው ከጋኑ ኋላ ይቆማል። እናት ማንሳት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ደላላው ይህን ሕግ ጥሶ ተሸካሚውን በእናቱ ሰደበው፤ እትዬም «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት። ሰውዬው ሰፈር ሙሉ ሌላ ጠላ ቤት እያለለት መቆየት አልቻለም። ሳምንት ሳይሞላው ሃምሳ አለቃውንና ደብተራውን ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ፤ እትዬም እንደ ወጉ እንቢ፣ እንቢ ብለው በሦስተኛው ታረቁ። ለጠላ ቤት ሽማግሌ የላከ ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

የደርግ ሰዓት እላፊ ደግሞ የራሱን ዝምድና አምጥቶ ነበር። ሰዓቱ ያለፈበት ሰው መንገድ ላይ ጥበቃ እጅ ከሚወድቅ መደቡ ላይ ያድራል። ተሸካሚውና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው አንድ ጋቢ ተጋርተው ሲያንኮራፉ የሚያነጉበት ሌላ ምን ቦታ ነበር?

የእትዬ የሒሳብ መዝገብ የበሩ ጀርባ ነው። ዱቤውን በከሰል ይጭሩታል። ፊደል ስላልቆጠሩ ለየሰው ምልክት አላቸው፤ ለደብተራው መስቀል፣ ለቀለም ቀቢው ብሩሽ፣ ለሃምሳ አለቃው ኮፍያ። ከሥሩ ጭረት ይደረደራል። ጭረቱ ለቀናት ሳይጨምር ከቆየ እትዬ የሰፈር ልጅ ይልካሉ፦ «ሂድ እስቲ፣ ደህና ነው በለኝ።» ሃምሳ አለቃው የሞተ ጊዜም ያወቅነው በዚሁ መንገድ ነው። ዘመድ አልነበረው፣ እድር አልገባ፤ መግነዙንም የመቃብሩንም ወጪ የቻለው የእኛ የጠጪዎቹ መዋጮ ነበር። ጣሳው ሦስት ቀን ወርዶ እትዬ ጥቁር ለብሰው ለቀስተኛ ተቀበሉ። ከሣልስት በኋላ የኮፍያውን ጭረት በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት።

ይህን ሁሉ ስል ክፉውን መሸፈኔ አይደለም። ስንቱ ደመወዙን እዚያው አራግፎ ባዶ እጁን ልጆቹ ዘንድ ገባ፤ አረቄ ስንቱን በጉበት ቀሰፈ። ኮማሪት መሆንም ቀላል አልነበረም፤ ብዙዎቹ ከትዳር ወይም ከገጠር ባዶ እጃቸውን የመጡ፣ ከጥንስስ በቀር መተዳደሪያ ያጡ ሴቶች ነበሩ። እትዬም በዚያ ጋን አራት ልጆች አሳድገዋል፤ ከልጆቹ አንዱም ጠላ ቤት እንዲረግጥ አልፈቀዱም።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። መደቡም፣ የከሰሉ መዝገብም አፈር ሆነ፤ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። መጠጥ እንደሆነ አልጠፋም፤ በየብሎኩ ሥር ግሮሰሪ አለ፣ ሒሳብም በስልክ ይከፈላል። ከፍለው ከወጡ ወዲያ ግን ማን ይፈልግዎታል? ሒሳብ የዘጋ ሰው ተመልሶ ባይመጣም የሚጎድልበት የለም።

ስለዚህ እኔ አንድ ዘዴ ዘይጃለሁ። ከብሎካችን ሥር ካለችው ሱቅ ብር ኪሴ እያለ ስኳሩንም ሳሙናውንም በዱቤ እወስዳለሁ። ልጁ መጀመሪያ ፊቱን ቋጠረ፤ አሁን ለምዷል። ሁለት ቀን ብቅ ካላልኩ «ጋሼ፣ ምነው ጠፉ?» ይለኛል። ሙሉ ዕዳዬን ከፍዬ ጨርሼ አላውቅም፤ ለመክፈልም አልቸኩል።