ሽርጥ ለብሶ ፒያሳ

ፒያሳ ላይ ሱሪ ሳልለብስ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁት ዳቦ ልገዛ ነው።

አትደንግጡ፣ ሽርጥ አገልድሜ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱ ሲገባ ሽርጥ የሚለብስ ወንድ ሞልቷል። በሩን ሊወጣ ሲል ግን ሱሪ ይቀይራል። እኔም ስድስት ዓመት እንደዚያ ኖሬያለሁ።

ያደግኩት አፋር፣ ሎግያ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሽርጥ ምን ያህል ብልህ ልብስ እንደሆነ ይገባችኋል። አንድ ጨርቅ ነው፤ ወገብ ላይ ይጠመጠማል፣ ጫፉ ይሸጎጣል፣ ነፋስ እንደልቡ ይገባል። እኛ ሰናፊል እንለዋለን። አባቴን ሌላ ነገር ለብሶ አይቼው አላውቅም፤ ከአንድ ቀን በስተቀር።

ያን ቀን ሱሪ ያስለበስኩት እኔ ነኝ። ዓይኑን ሊታከም መጥቶ እኔ ጋ አርፎ ነበር። ጠዋት ልንወጣ ስንል፣ “አባ፣ እዚህ ሰው ያያል፤ ዛሬን ሱሪ ብታደርግስ?” አልኩት። ትንሽ አየኝና ምንም ሳይል ጂንሴን ተቀበለኝ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ጊዮርጊስ ስንወጣ አሥር ቦታ ቆሟል። ዳገቱ የከበደው መስሎኝ ነበር። ለካ ሱሪውን እየሳበ ነው። ማታ አጣጥፎ መለሰልኝና፣ “ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ አይደለም የለበስኩት። አንተ እንዳታፍር ነው” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያ ጂንስ አልለበስ አለኝ።

ለዚህ ነው ዳቦ ልገዛ በሽርጥ የወጣሁት። ሆን ብዬ የመረጥኩት አመሻሽ ላይ ነው፣ ጨለም ሲል። አልጠቀመኝም። ጥግ ላይ የቆሙት ልጆች ወዲያው ሙድ ያዙብኝ። “ወንድም፣ ሻወር ላይ እያለህ ውሃ ሄደብህ እንዴ?” ሼም ገደለኝ። ግን እውነት ለመናገር ቀልዱ አሪፍ ነበር፤ እኔም ሳቅኩ። “አዎ፣ ጀሪካን አበድሩኝ” አልኳቸው። አለቀ። በማግስቱ ሰላምታ ብቻ ሆነ።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው የሚያየው ልብሱን ብቻ ሳይሆን አለባበስህንም ነው። ተሸማቀህ ከሄድክ ፎጣ ነው፤ ዘና ብለህ ከሄድክ ሽርጥ ነው። ቀስ በቀስ ርቀቱን ጨመርኩ። መጀመሪያ ሱቅ፣ ከዚያ እሁድ ከሰዓት፣ ከዚያ ቶሞካ ቆሞ ማኪያቶ።

ደግሞስ አራዳ ማን ነው? ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ሳያዛውረው በፊት የከተማው ትልቁ ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። አርመኑም፣ ግሪኩም፣ ህንዱም፣ ሽርጥ የታጠቀው የየመን ነጋዴም በዚሁ ሰፈር ሠርቷል። ሽርጥ ለአራዳ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆንኩት እኔ ነኝ።

ስኮትላንዶችም ኪልታቸውን የሚለብሱት ዝም ብሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1746 የወጣ የብሪታኒያ ሕግ ከልክሏቸው ነበር፤ የተሻረው በ1782 ነው። እኔን ግን ማንም አልከለከለኝም። ሕጉን ያወጣሁትም፣ አባቴ ላይ ያስፈጸምኩትም ራሴ ነኝ።

ባለፈው ወር አባቴ ለሁለተኛው ዓይኑ ተመልሶ መጣ። ሽርጤን አገልድሜ ተቀበልኩት። ምንም አላለም። ምኒልክ አደባባይ ከታክሲ ስንወርድ ግን ቀጥ ብሎ ቆመና ወገቤን አየ።

“አስተጣጠቅህ ልክ አይደለም” አለኝ።

እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጎንበስ ብሎ እንደገና አጥብቆ አስታጠቀኝ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወረድን። አንድም ቦታ አልቆመም።